ግራውን ብቻ

የመጨረሻው ደህና ቀን የሳጉሬ ገበያ ቀን ነበር። ሚኒባሱ በሰውና በጆንያ ታጭቆ ወንድሜ ጊታሩን ጭኑ ላይ አቅፎ ተቀመጠ። ረዳቱ ጣሪያ ላይ ካልጫንነው ብሎ አስቸገረው።

«አንተ ጣሪያ ላይ ውጣ» አለው ወንድሜ። «ይሄ እኮ ሽማግሌ ነው። ይታቀፋል እንጂ አይጫንም።»

ሰው ሳቀ፣ ረዳቱም ሳቀ። ወንድሜ እንዲህ ነበር። የትም ቢሄድ የሚያስቀው ሰው አያጣም።

ጊታሩ እውነትም ሽማግሌ ነው። አባታችን ለመምህርነት ተመድቦ ወደ አሰላ በመጣበት ዘመን፣ ወደ አገሩ ሊመለስ ዕቃውን ከሚሸጥ አንድ የውጭ አገር አስተማሪ ላይ ነው የገዛው። ሆዱ ትንሽ፣ ወገቡ ቀጭን ነው። የፊቱ እንጨት በዕድሜ ብዛት የማር ቀለም ይዟል። ውስጡ የተለጠፈችው ወረቀት ጽሑፏ ስለጠፋ ማን እንደሠራው አናውቅም። ወንድሜ ስልኩ ላይ ፎቶ ሲያነጻጽር ከርሞ አንድ ቀን «እንዲህ ዓይነት አሁን አይሠራም፣ የድሮ ሞዴል ነው» አለኝ፤ ራሱ የሠራው ይመስል እየኮራ። አባታችን ካረፈ በኋላ የሱ ሆነ። ከዚያ የጊታሩ ፊት ተሰነጠቀ። ገመዱ ሲወጠር ስንጥቁ ስለሚከፈት፣ ያን ቀን ገመዱን አውልቀን ነበር ይዘነው የሄድነው።

ወንድሜ ግራኝ ነው። ነበር። አሁንም «ነው» እላለሁ፣ ይቅር።

ይሄንን በደንብ መናገር አለብኝ፣ ምክንያቱም ነገሩ ሁሉ እዚህ ላይ ነው። ልጅ ሳለ ገበታ ላይ ግራ እጁን ሲሰድ እማዬ መዳፉን ቸብ ታደርገው ነበር። «በቀኝህ!» ትምህርት ቤት ሲገባም እርሳሱን ከግራ ወደ ቀኝ አዛወሩበት። ስለዚህ በቀኙ በላ፣ በቀኙ ጻፈ፣ በቀኙ ሰው ጨበጠ። ባጃጅ ሲነዳም ነዳጅ መስጫው በቀኝ ነው። ግራ እጁ የራሱ የሆነው ጊታር ላይ ብቻ ነበር። እዚያ የሚመታው አልነበረም።

ግን ጊታሩም ለቀኝ የተሠራ ነው። ወንድሜ ገመዱን ገልብጦ ነበር የሚጫወተው። ከታች ገመዱ የሚያርፍባት ትንሽ አጥንት አለች፣ ሰያፍ ናት። ገመዱ ሲገለበጥ ያ ሰያፍ ይሳሳታል። ጭንቅላቱ አካባቢ ሲጫወት ደህና ነው፤ ጣቱ ወደ ሆዱ እየወረደ ሲሄድ ግን ቃናው ይጣመማል። «ይሄ ሽማግሌ እላይ እውነት ይናገራል፣ እታች ይዋሻል» ይል ነበር። የሚፈልገው አንድ ነገር ብቻ ነው። ልክ እንደ አሮጌው የሆነ፣ ግን ለሱ እጅ የተሠራ። በዚህ ዓለም ላይ አንድ ዕቃ ለሱ እጅ ተሠርቶ ማየት። ብዙ ነው እንዴ?

ሳጉሬ ያለው አናጢ በርና አልጋ የሚሠራ ትልቅ ሰው ነው። ለአንድ የመዘምራን ቡድን ጊታር ሠርቶ፣ ወንድሜ ድምፁን ሰምቶ ወዶት ነው አፈላልጎ ያገኘው። አናጢው አማርኛ ይናገራል፣ ኦሮምኛው ግን ይቀድመዋል። ወንድሜም እንደ አሰላ ልጅ ሁሉ ሁለቱን እየቀላቀለ ነበር የሚያወራው። ጊታሩን ሰጋቱራ በሞላው ጠረጴዛ ላይ አስተኛው።

«እንዳለ ነው የምፈልገው፣ ጋሼ። ወገቡ እንደዚሁ፣ አንገቱ እንደዚሁ፣ ጭንቅላቱም እንደዚሁ።»

«ይሄ እያለህ ታዲያ ሌላ ምን ያደርግልሃል?»

«ይሄ የጎደለው ግራ ነው። ግራውን ብቻ ይለውጡልኝ።»

«ገራ?»

«አዎ፣ ግራ።»

አናጢው ከቀበቶው በላይ የተረፈውን ሆዱን በመዳፉ መታ መታ አደረገ። «ገራ ከሆነ የቸገረህ ከኔ ውሰድ። እኔ ሞልቶኛል!»

ሦስታችንም ሳቅን። ገራ በኦሮምኛ ሆድ ማለት ነው። ሰውየው በቃሉ የቀለደ ነው የመሰለን። ወንድሜ እንዲያውም «የርስዎን ከወሰድኩማ ጊታር አይሆንም፣ ከበሮ ነው የሚሆነው» አለው። እንደገና ሳቅን። ለጀርባው ዋንዛ፣ ለፊቱ ዝግባ እንደሚሆን ተነጋገሩ። አሮጌው መለኪያ እንዲሆን እዚያው ቀረ፣ ስንጥቁም አብሮ እንዲጠገን።

ስንመለስ መንገዱ ዳር ሻይ ጠጣን። ያኔ ነው የነገረኝ።

«አዲሱ ሲያልቅ አሮጌውን ገመዱን ወደ ቀኝ መልሼ ላንተ እሰጥሃለሁ። ፊት ለፊት እንቀመጣለን። እኔ በግራ፣ አንተ በቀኝ፣ ልክ እንደ መስታወት። እኔን እያየህ ትማራለህ።»

«እስካሁን ለምን አላስተማርከኝም?»

«በተገለበጠ ጊታር ምን ላስተምርህ? አይ ቀኜ!»

ቀኜ ነበር የሚለኝ። የቤታችን ቀኝ አንተ ነህ እያለ ሲያሾፍ የወጣልኝ ስም ነው። አሁን የሚጠራኝ የለም።

በማግስቱ ጠዋት ገብስ የጫነ መኪና ቁልቁለቱ ላይ ወንድሜ የሚነዳውን ባጃጅ መታው።

ሌላ የምጽፈው የለኝም። ሹፌሩ «ፍሬን እምቢ አለኝ» ብሎ ነው የተናገረው። እምቢ አለኝ! ፍሬን ሰው ነው? ፍሬን እምቢ የሚለው ሰው ሳያየው፣ ሳይነካው፣ ወሩን ሙሉ ሲከርም ነው። ይሄንን ለቅሶ የመጣ ሰው ሁሉ ተቀብሎ ሲደግመው ሰማሁ። «ፍሬን እምቢ ብሎት ነው አሉ።» «ምን ይደረግ፣ እምቢ ካለ።» ድንኳን ውስጥ ተቀምጬ ጥርሴን እየነከስኩ አዳመጥኩ። «ለበጎ ነው» ያለም ነበር። ለማን በጎ? አልጠየቅኩም። ለቅሶ ላይ እንደዚያ አይጠየቅም። የሚጠየቀው ውሃ የጠማው ሰው እንዳለ ነው፣ እኔም እየዞርኩ ውሃ አቀረብኩ።

ስለ ጊታሩ ረስቼ ነበር ብል ውሸት ነው። አልረሳሁም። ሳጉሬ ጠረጴዛ ላይ የሆነ ነገር ለሱ እየተሠራ እንደሆነ አውቃለሁ። ከድንኳኑ ወሬ ሁሉ የሚሻለኝ እሱ ነበር። አንድ ሰው የትም ሆኖ ለግራ እጁ እንጨት እየላገ ነው ብዬ አስባለሁ፣ ከዚያ እተኛለሁ።

ድንኳኑ ፈርሶ፣ አርባው ግን ገና ሳይወጣ አናጢው መጣ። ሁለቱንም ጊታሮች በአቡጀዴ ጠቅልሎ ነበር። ቤት የነበርነው እማዬ፣ የእማዬ ወንድም አጎቴና እኔ ነን። አናጢው እማዬን አጽናና።

«ልጁ መሞቱን ስሰማ ሥራውን ልተወው ነበር» አለ። «ከዚያ ቃሉ አለብኝ አልኩ። እንዳለኝ አድርጌ ጨርሻለሁ።»

አቡጀዴውን ፈታው። እውነቱን ልናገር፣ የሚያምር ነገር ነው። ወገቡ፣ አንገቱ፣ ጭንቅላቱ የአሮጌው ነው። ፊቱ ገና ነጭ ሆኖ የዝግባው ሽታ ክፍሉን ሞላው። ግን ሆዱ። ሆዱ ትልቅ ነው። ከጎን ሲያዩት ያረገዘ ይመስላል።

«ሆዱን እንዳለኝ ጨመርኩለት» አለ አናጢው። «ሁሉም እንዳለ ሆኖ ገራውን ብቻ ለውጥልኝ ነበር ያለኝ። ድምፁ እንዲወፍርለት ፈልጎ ነው።»

መጀመሪያ አልገባኝም። ከዚያ ገመዱን አየሁ። ወፍራሙ ገመድ የት እንዳለ አየሁ፣ የአጥንቷን ሰያፍም አየሁ። ለቀኝ ነው። ከላይ እስከ ታች ለቀኝ የተሠራ ጊታር ነው። ያን ቀን የሳቅንበት ቃል ትዝ አለኝ፣ ሰውየው ሆዱን ሲመታ። እሱ ቀልዶ አልነበረም። እየጠየቀ ነበር። ወንድሜ ደግሞ «አዎ» አለው።

«እስቲ ያዘው» አለችኝ እማዬ።

ያዝኩት። እግዜር ያሳያችሁ፣ ልክ ነው የገባልኝ። አንገቱ ግራ መዳፌ ውስጥ፣ ቀኝ ክንዴ በዚያ ትልቅ ሆድ ላይ። ይበልጥ ያናደደኝ ይሄ ነው። ተመቸኝ።

«አየሽ?» አለ አጎቴ ለእማዬ፣ ፊቱ በርቶ። «አየሽ የፈጣሪን ሥራ? ልጁ እንደሚሄድ ያውቅ ነበር። ለታናሽየው አሠራለት!»

እማዬ አለቀሰች፣ ግን ከዚያ ቀን ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ደስ ያላት መሰለኝ። «ላንተ ነው፣ ልጄ። ለዚህ ነው የተሳሳተው» አለችኝ።

ጊታሩን አልጋው ላይ አስቀምጬ ወደ ጓሮ ወጣሁ። እዚያ የታጠበ ጄሪካን ነበር፣ መታሁት። ፍሬኑ እምቢ አለ፣ ለበጎ ነው፣ ላንተ አስቦ ነው። ሁሉም ነገር ምክንያት አለው። ወንድሜ ብቻ ነው ምንም የሌለው። እጁን መቱት፣ እርሳሱን ቀየሩበት፣ አሁን ሞቶም እንኳ ቀኝ አደረጉት፤ ከዚያ ደግሞ እኔ ይሄንን ታቅፌ እንድዘፍን ይፈልጋሉ። የኔ ድርሻ አሮጌው ነው። ተነጋግረናል። ሻይ ጠጥተንበታል።

በማግስቱ ጠዋት አዲሱን ጊታር በዚያው አቡጀዴ ጠቀለልኩት። እኛ ዘንድ ያደረው አጎቴ በሩ ላይ ፊቱን እየታጠበ ነበር።

«ወዴት ነው?»

«ሳጉሬ። ለግራ ይቀየራል።»

«አርባው ሳይወጣ ጊታር ተሸክመህ ከተማ ለከተማ ልትዞር? ሰው ምን ይላል?» ፎጣውን ትከሻው ላይ ጣለ። «ደግሞ ለግራ ቢሆን ማን ሊጫወተው ነው?»

«ማንም።»

«እንግዲያው አበድክ።»

«ይሁን፣ ጋሼ።»

እማዬ ከውስጥ «ተወው፣ ላንተ ነው ያልኩህ እኮ» አለች። እምቢ አልኳት። እኔም እምቢ ማለት እችላለሁ። ግን ድምፄ ተሰብሮ ስለነበር መስማቷን እንጃ።

ሚኒባሱ ውስጥ ጭኔ ላይ አቅፌው ሄድኩ። አናጢው ገና ሱቁን እየከፈተ ነበር። ጊታሩን ይዤ ሲያየኝ ደነገጠ።

«ምን ሆነ? ተሰነጠቀ?»

መንገዱን ሙሉ ብዙ ስድብ አዘጋጅቼ ነበር። አንዱም አልወጣም። አንድ ቃል ብቻ፣ በኦሮምኛ፣ እንዳይሳሳት አድርጌ አልኩት።

«ቢታ።»

አየኝ። የራሱን ግራ እጅ ከፍ አድርጎ አየ። «ቢታ?» አለ ቀስ ብሎ። «ግራ ነው ያለኝ? ይሄ ግራ?»

«አዎ። ግራኝ ነበር።»

ግማሽ የተሠራ አልጋ ላይ ቁጭ አለ። «ያ ልጅ ሲስቅ...» ብሎ ጀመረና ተወው። አላጽናናሁትም። እኔን ያጽናኑኝ ሰዎች በቅተውኛል።

ብዙ ቆይቶ ተነሳና ጊታሩን መስኮቱ ጋ ወስዶ አገላብጦ አየው። ገመዱ የሚታሰርባት እንጨት ተነቅላ ተገልብጣ መለጠፍ እንዳለባት ነገረኝ። ስትነቀል ፊቱን ልትልጠው ትችላለች።

«ትላጠው» አልኩ።

«ጠባሳ ይሆናል፣ ልጄ። አዲስ ዕቃ ነው።»

«ይሁን።»

«ገራውንስ?» አለ፣ እጁን ትልቁ ሆድ ላይ አድርጎ። «ፈትቼ ላሳንሰው?»

አሰብኩ። «ሆዱን ይተዉት» አልኩት። «እሱ ላይ ስቀናል።»

ቢላ እሳት ላይ አሙቆ፣ በእንጨቷ ሥር እየሰደደ ቀስ በቀስ ነቀላት። ከፊቱ ላይ ቀጭን የዝግባ ልጥ ይዛ ወጣች። ሁለታችንም ልጧን አየናት። ከዚያ አዲሱን ቦታ ከማመልከቱ በፊት የወንድሜ ክንድ የት ያርፍ እንደነበር ማየት እንዳለበት ነገረኝ። የተገለበጠ ሳጥን ላይ አስቀመጠኝ።

«እንደሱ ያዘው» አለኝ።

እንደሱ ያዝኩት። አንገቱን በቀኜ፣ ግራ ክንዴን በሆዱ ላይ። ምንም አልተመቸኝም። ጣቶቼ የት እንደሚገቡ አላወቁም።

«አትነቃነቅ» አለኝ፣ እርሳሱን ከጆሮው ላይ አውርዶ።