ስም ፋቂው

ጋሼ ግትር ነበሩ። ይህን የምለው ለሐሜት አይደለም፤ አሥራ ዘጠኝ ዓመት አብሬያቸው ሠርቻለሁ። እሳቸው የኒሻን ቤቱ ስም ቀራጭ፣ እኔ ሪባን ሰፊ። ከመስኮቱ ሥር ያለው ጠረጴዛ የእሳቸው ነው፤ ከበሩ አጠገብ ንፋስ የሚገባበት የእኔ። አንድ ጊዜ ቦታ እንለዋወጥ ብላቸው «መርፌ በዳበሳም ይሠራል» ብለውኝ አረፉት።

ቤቱ ብዙ ዓይነት ሜዳሊያ ይሠራል። የፖስተኛ አለ፣ የመምህር አለ፣ የእሳት አጥፊ አለ። ከሁሉ በላይ ያለው ግን የሰባቱ በር ኒሻን ነው፤ ከእሱ ወዲያ ዘውዱ ብቻ ነው የቀረው። ደረት ላይ የሚደረጉት የኒሻኑ ኮከቦች ሃያ አራት ናቸው፣ ሃያ አምስተኛ ኖሮ አያውቅም። ባለኒሻኑ ሲሞት ኮከቡ ይመለሳል፣ ከጀርባው የሟቹ ስም ይፋቃል፣ የአዲሱ ይቀረጻል። የሚፍቁትም የሚቀርጹትም ጋሼ ነበሩ። የሠፈር ልጆች «ስም ፋቂው መጡ!» እያሉ ይበተኑ ነበር፤ እሳቸውም ሲሸሹ ማየት ደስ ይላቸው ነበር መሰለኝ።

ከእሳቸው በፊት የነበሩት ቀራጮች ላይ ላዩን ፍቀው፣ አዲሱን ስም ከአሮጌው ጥላ ላይ ያሳርፉ ነበር። ጋሼ ይህ ይቀፋቸዋል። በመፋቂያ፣ ከዚያ በሞረድ፣ ከዚያ በብርጭቆ ወረቀት፣ ጥላው ድራሹ እስኪጠፋ ድረስ ይወርዳሉ። «የሙት ስም ሕያው ደረት ላይ አያድርም» ይላሉ። የቤቱ ኃላፊ «ኮከቦቹ ሳሱ እኮ» ቢሏቸው ጆሮ ዳባ ልበስ አሉ።

አንድ ልማድ ደግሞ አለ። ቀራጩ ኮከቡን አዲሱ ባለኒሻን ቤት ወስዶ ደረታቸው ላይ ይለካል። ያን ቀን ባለኒሻኑ «ምን ላድርግልህ?» ማለት አለባቸው፤ የተለመኑትን እምቢ ማለት ነውር ነው። ፀሐይ እስክትጠልቅ ካልተለመነ ግን ቀረ ማለት ነው። የቀድሞዎቹ መሬት ለምነዋል፣ ለልጃቸው ሥራ ለምነዋል። ጋሼ አሥራ አንድ ኮከብ አድርሰው አሥራ አንድ ጊዜ «ሥራዬ ይበቃኛል» ብለው ወጡ። ሚስታቸው እትዬ፣ «ለአንተ ኩራት ራት ነው፤ እኛ ግን የምንበላው ራት ነው» ይሏቸው ነበር።

ልጃቸው አንድ ነው፤ በባቡር ጣቢያው መጋዘን ጫኝ ነበር። ጫኞቹ ሥራ ያቆሙ ዕለት ግርግር ተነሣና አንድ መኮንን በድንጋይ ተመትቶ ሞተ። ማን እንደወረወረው አልታወቀም። ሦስት ሰዎች ተያዙ፣ ሦስቱም ስቅላት ተፈረደባቸው። አንዱ የጋሼ ልጅ ነው። በስድሳኛው ቀን ይፈጸማል ተባለ።

እያንዳንዱ ባለ ሰባት በር ከንጉሡ ዘንድ አንድ ነፍስ የመለመን መብት አለው። ጋሼ፣ በዕድሜያቸው ሰው ለምነው የማያውቁት ሰውዬ፣ የሃያ አራቱንም ደጅ ጠኑ። ገሚሶቹ መብታቸውን ለዘመድ አውለውታል፤ የቀሩት ዘበኛ ልከው መለሷቸው። ልማዱ የሚያስገድደው አዲስ ባለኒሻንን ብቻ ነው። አዲስ እንዲመጣ ደግሞ አንዱ መሞት አለበት።

ከሃያ አራቱ መካከል አንድ ሽማግሌ ጄኔራል አልጋ ይዘው አንደበታቸው ተዘግቶ ነበር። ጋሼ ጠዋት ጠዋት በእሳቸው ቤት በኩል ዞረው ይመጣሉ።

«እህ?» እላቸዋለሁ።

«አሉ» ይላሉ።

ያቺን ቃል ሲናገሩ ፊታቸውን ማየት አልችልም ነበር። የሰው ሞት መመኘታቸው አሳፍሯቸዋል። እትዬ ግን አላፈሩም። «ዘጠና ዓመት ኖሩ፤ የእኔ ልጅ ገና ሃያ ሦስቱ ነው። ይውሰዳቸው!» አሉኝ ዓይን ዓይኔን እያዩ።

በአርባ አምስተኛው ቀን ጄኔራሉ ሞቱ። በሰው ሞት ደስ ያለኝ ያን ቀን ብቻ ነው፤ አልዋሽም። ኒሻኑ ለአንድ ዶክተር እንደተሰጠ ተሰማ፤ ደግ ሰው ናቸው ተባለ። በዓሉ በሃምሳ ሁለተኛው ቀን ነው። ኮከቡ በአርባ ስምንተኛው ቀን ጋሼ ጠረጴዛ ላይ ደረሰ።

በሞርሳ አስረው ጀመሩ። የጄኔራሉ ስም ከእሳቸው በፊት የተቀረጸ ነበርና ጥልቅ ነው። እስከ ቀትር ፊደሎቹ ጠፉ፤ ጥላቸው ብቻ ቀረ፣ ያውም በአጉሊ መነጽር ካልሆነ የማይታይ።

«ይብቃ ጋሼ» አልኳቸው። «አሁን ቅረጹበት። ማን ያየዋል?»

«እኔ አየዋለሁ።»

«ዛሬ እንኳ ይተዉት! ልጅዎን ያስቡ!»

«ለእሱ ብዬ የማደርሰውማ ጥላ ያለበት አይሆንም» አሉና ሞረዱን አነሡ።

ጥቂት ቆይቶ የሞረዱ ድምፅ ተለወጠ። ቀና ስል ጋሼ ኮከቡን ወደ መስኮቱ አንሥተውታል፤ በመካከሉ ብርሃን ያልፋል። የምስር ፍሬ የምታህል ቀዳዳ ናት። ጋሼ ከኃላፊው እግር ላይ ወደቁ፤ «ልድፈነው፣ በአንድ ሰዓት እደፍነዋለሁ» አሉ። ኃላፊው ክፉ ሰው አልነበሩም፤ ግን የተበሳ ኮከብ ቢደፈንም ሰው ደረት ላይ አይውልም፣ ሕግ ነው። አዲስ ቀልጦ፣ ተመትቶ፣ ወርቅ ተቀብቶ እስኪያልቅ ሃያ ቀን ይፈጃል። በዓሉም ለዚያው ተላለፈ።

ጋሼ ባዶ እጃቸውን ዶክተሩ ቤት ሄዱ። ዘበኛው «ኮከቡስ?» አላቸው።

«አልያዝኩም። ግን ቀራጩ ነኝ።»

«ኮከብ ካልያዙ ማንም ነዎት፤ ማንም ደግሞ አይገባም።»

ደብዳቤ ሰጡት። ከእንኳን ደስ ያለዎት ደብዳቤዎች ክምር ሥር ገብቶ ቀረ።

በስድሳኛው ቀን ጠዋት ልጁ ተሰቀለ። ጋሼ ያን ቀንም ሥራ ገቡ። የፖስተኛ ሜዳሊያ ላይ አንድ ስም ሲቀርጹ ዋሉ።

በስድሳ ስምንተኛው ቀን አዲሱን ኮከብ ይዘን ዶክተሩ ቤት ሄድን፤ እኔ ሪባኑን ለመለካት። ዘበኛው በሩን ወለል አድርጎ ከፈተልን። ዶክተሩ እንደሰማነው ትሑት ናቸው፤ ወንበር ራሳቸው አቀረቡልን። ጋሼ ኮከቡን ደረታቸው ላይ ለኩ።

«በልማዱ መሠረት» አሉ ዶክተሩ ፈገግ ብለው፣ «ምን ላድርግልዎ አባቴ?»

«አስከሬን» አሉ ጋሼ። «ወህኒ ቤቱ የተሰቀለ ሰው አስከሬን አይሰጥም። የልጄን እንዲሰጡኝ ይጻፉልኝ።»

ዶክተሩ ፈገግታቸው ጠፋ። የልጁን ስም ጠየቁ፣ መቼ እንደሆነም ጠየቁ። ጻፉ፣ ፈረሙ። ወረቀቱን ሲሰጡ፣ «ቀደም ብለው ቢመጡ ኖሮ ነፍሱን እለምንልዎ ነበር እኮ» አሉ።

«አውቃለሁ» አሉ ጋሼ።

በማግሥቱ ቀበርነው። ስንመለስ እትዬ ክንዴን ይዘው፣ «አንቺ እዚያው ነበርሽ አይደል? ኮከቡ እንዴት ነው የተበሳው?» አሉኝ።

ጋሼ ሁለት እርምጃ ቀድመውን ይሄዱ ነበር። ሰምተው ቆሙ፤ ግን አልዞሩም።

«ያረጀ ነበር እትዬ» አልኳቸው።