የይግዛው ማጣሪያ

የዳባቱ ሬዲዮ ጠጋኝ ይግዛው በ1971 ዓ.ም. ውሃ ማጣሪያ ሠራ። ከተጣለ ማንቆርቆሪያ፣ ከወደቀ የጭነት መኪና ከፈታው የመዳብ ቱቦና ከግሉኮስ ጠርሙስ ነው የገጣጠመው። ዕቃውን ለመልቀም ሦስት ዓመት ፈጅቶበታል። የየምንጩን ውሃ አትንኖ ከሥር የሚቀረውን ጨው ሊመዝን ነበር።

የቀበሌው ሊቀመንበር ሻረው ጥቆማ ደርሶት ከታጣቂ ጋር መጣ። ከቱቦው ጫፍ የሚወርደውን ጠብታ ቀመሰ።

«ውሃ ነው!»

«አዎ ጓድ፣ ንጹሕ ውሃ።»

«ከውሃ ውሃ ለማውጣት ነው እንጨት የምታነደው? አንተ ሰውዬ፣ ለማን ነው የምትሠራው?»

ታጣቂው ወደ በሩ ተጠጋ። ይግዛው እውነቱ እንደሚያሳስረው ገባው።

«አረቄ ላወጣበት ነበር» አለ።

«እንዲህ አትልም ታዲያ!» ሻረው ሳቀ። «በል፣ ተሸከመውና ተከተለኝ።»

ከዚያ ወዲህ የቀበሌው ክበብ አረቄ የሚወርደው በዚያ ቱቦ ነው። በተደፈነ ቁጥር ይግዛው ተጠርቶ ይጠርጋል። የምንጮቹን ጨው ግን እስካሁን አልመዘነም።