የፍልፈል ቀለም

ባለፈው ሳምንት ደብረ ታቦር ያለውን ሳሎኔን ሳስቀባ የዘይት ቀለም ሽታ አፍንጫዬ ውስጥ ሲገባ፣ መጀመሪያ ወደ አእምሮዬ የመጣው «ማን ሊዳር ነው?» የሚል ጥያቄ ነበር። የምድራት ልጅ የለችኝም፤ ያለችኝ አንዲት የሰባት ዓመት ልጅ ናት። ነገር ግን የቀለም ሽታና ጥርጣሬ እኔ ዘንድ ከአንድ ቆርቆሮ የወጡ ናቸው።

ያደግነው እስቴ ውስጥ፣ ከመካነ ኢየሱስ ከተማ የአንድ ሰዓት መንገድ ወጣ ብሎ ነው። ክረምቱ ሲወጣ እማዬ ዝናብ የሸረሸረውን ግድግዳ በእበትና በጭቃ ትመርገው፣ ከወንዝ ዳር ቆፍራ ባመጣችው ነጭ አፈርም ትለቀልቀውና ለዘመን መለወጫ ታደርሰው ነበር። ከዚያ በኋላ እስከ ፋሲካ ድረስ ግድግዳ የሚነካ አልነበረም። በዚህ መሀል ቤቱን ሲያሳምር የታየ አባወራ ቢኖር፣ ጥር የሰርግ ወር ነውና፣ «ሽማግሌ ሊቀበል ነው» ይባል ነበር።

አንድ ዓመት፣ በታኅሣሥ፣ ገብሱ ገና ውድማ ላይ ተከምሮ ሳለ፣ አባባ በሬዎቹን ለጎረቤት ትቶ ከተማ ሄደና ሁለት ቆርቆሮ ቀለም በአህያ ጭኖ መጣ። ቡኒ አይሉት ግራጫ፣ ስሙን የማናውቀው ቀለም ነበር። እማዬ ክዳኑ ሲከፈት አጎንብሳ አየችና፣ «ይኸማ የፍልፈል ቀለም ነው» አለች። ፍልፈል ከላይ ሳይታይ ከሥር እየቆፈረ ገብሳችንን የሚጨርስብን ጠላታችን ስለነበር፣ ታላቅ እህቴ ይታይሽ ይህን ስትሰማ ዓይኗን አባባ ላይ ተክላ ቀረች።

ይታይሽ ያኔ አሥራ አምስት ዓመቷ ነበር፤ ስምንተኛ ክፍል ስትሆን ከክፍሏ አንደኛ ትወጣ ነበር። በወገዳ በኩል ያለ አንድ የሦስት ጥማድ በሬ ጌታ ለልጁ ሊያጫት ይፈልጋል የሚል ወሬ ውኃ ስንቀዳ ሰምተናል። «ጠርጥር፣ ከገንፎ ውስጥም አይጠፋም ስንጥር» እያለች አባባን እግር በእግር እንድከታተል አዘዘችኝ፤ እኔም የዘጠኝ ዓመት ሰላይ ሆኜ ያየሁትን ሁሉ አቀብላት ነበር። አባባ ከነፍስ አባታችን ጋር ሲንሾካሾክ ዋለ፤ ጋቢውን አሳጠበ፤ ሙክቱን ከመንጋው ለየ። እማዬን ስንጠይቃት፣ «እኔ እንጃ፣ አባታችሁን ጠይቁ» ትለንና ፊቷን ታዞርብን ነበር፤ ጠላ መጥመቋን ግን አልተወችም። አባባን የጠየቀው ማንም የለም፤ ፈራነው። ያን ሰሞን ሲያጎርሰኝ እንኳ «ምን ሊያስረሳኝ ይሆን?» እያልሁ ነበር የምውጠው።

ይታይሽ ልብሷንና ደብተሮቿን በነጠላ ቋጥራ፣ አዲሱን እህል የሚጠብቀው ባዶ ጎታ ውስጥ ደበቀች። ሽማግሌዎች መጥተው አባባ «እሺ» ያለ እንደሆነ፣ በጓሮ በር ወጥታ ደብረ ታቦር አክስታችን ዘንድ ልትጠፋ ነበር። «ለማንም ብትናገሪ እህት የለሽም» አለችኝ።

ጥር እንደገባ፣ አባባ ጓዳውን የሚለየውን ግድግዳ በሁለቱም ፊቱ ቀብቶ በጨረሰ ማግስት፣ ሦስት ሽማግሌዎች ዱላቸውን ተደግፈው ደጃችን ቆሙ። አባባ የታጠበ ጋቢውን ለብሶ አስገባቸው። ይታይሽ በጓዳው በኩል ጀርባዋን ሰጥታ ግድግዳው ላይ ተለጠፈች፣ እኔም ከእግሯ ሥር ቁጭ አልሁ።

ሽማግሌዎቹ ብድግ ብለው ጉዳያቸውን ተናገሩ። አባባ፣ «አክብራችሁ መጥታችኋልና እግዜር ያክብራችሁ። ልጄ ግን ትማራለች፤ አልድራትም» አለ።

ከሽማግሌዎቹ አንዱ፣ «ታዲያ ታከለ፣ በውድማ ወራት ይኸን ሁሉ ለማን ብለህ አሳመርኸው?» ሲል ጠየቀው።

«ለእናንተ ነዋ» አለ አባባ። «ከጭቃው ግድግዳ ሥር ተቀምጬ እምቢ ያልሁ እንደሆን፣ ‹ቸግሮታል፣ ከርሞ ይለሰልሳል› ብላችሁ ትመለሱብኝ ነበር። አሁን ቤቴን አያችሁ፤ አልቸገረኝም። እምቢታዬም የከርሞም ነው።»

ሙክቱን በልተው፣ ጠላውን ጠጥተው፣ መርቀው ሄዱ።

ይታይሽ ከግድግዳው ልትርቅ ስትል ቀሚሷ ተጣብቆ ነበር፤ ስትላቀቅ ያልደረቀውን ቀለም ልጣው መጣች። አባባ ወደ ጓዳ ገባ፣ ጀርባዋን አየ፣ ግድግዳውን አየ። ወደ ጎታው ሄዶ ቋጠሮዋን አወጣና ፊቷ አኖረው፤ ለካ ያውቅ ኖሯል። «ነገ ገብስ ይገባበታል፤ ደብተርሽን አንሺ» አላት። በሩ ላይ ሲደርስ ፊቱን ሳያዞር፣ «ሽማግሌ ሳይመጣ መልሱ ከቤቴ ቢወጣ ሰው ማዋረድ ነበር፤ ዝም ያልሁት ለዚያ ነው። እናንተ ግን አንድ ቀን እንኳ አልጠየቃችሁኝም» አለ። ያን ቀን ያፈርሁትን ያህል ከዚያ ወዲህ አፍሬ አላውቅም።

ይታይሽ ዛሬ መካነ ኢየሱስ አስተማሪ ናት። እኔ ለሳሎኔ ቀለም ስገዛ ሻጩ የፈረንጅ ስም ጠራልኝ፤ «የፍልፈሉን ስጠኝ» ስለው ሳቀብኝ። ግድግዳዬ አሁን እንከን የለውም፤ ከጎረቤቶቼም ማን ሊመጣ ነው ብሎ የጠየቀኝ የለም፤ ዛሬ ሰው ቤቱን የሚቀባው ቀለሙ ስላማረው ነው። እኔ ብቻ ነኝ አሁንም ግድግዳ አይቼ የምጠረጥረው።

የእስቴው ቤት ግድግዳ ላይ ግን የይታይሽ ጀርባ የላጠው ቦታ እንዳለ ነው። እንግዳ ሲጠይቀው አባባ፣ «ልጆቼ እኔን የጠረጠሩበት ቦታ ነው» ይልና ይስቅ ነበር፤ እኛም አብረነው እንስቅ ነበር። ካረፈ በኋላ ቤቱን ስናጸዳ ሁለተኛውን ቆርቆሮ ከአልጋው ሥር አገኘነው። ቀለሙ ደርቆ ድንጋይ ሆኗል፤ ቆርቆሮው ግን እስከ ግማሹ ሙሉ ነበር። ያን ቦታ ለመሸፈን አንድ ብሩሽ ቀለም ይበቃው ነበር።