የሱልጣን ግራ ዓይን

ይህ ነገር የደረሰው ከሦስት ዓመት በፊት፣ ክረምት ሊገባ ሲል ነው። አደጋውን የሚያውቁ ጥቂት ሰዎች አሉ። ከአደጋው በኋላ ያደረግሁትን ግን ነገሩ ከሚመለከታቸው በቀር ለማንም አውርቼ አላውቅም። የሚከነክነኝም እሱ ነው።

የምሠራው ልደታ፣ አብነት አካባቢ፣ የብረት በርና መስኮት የሚበየድበት ቤት ውስጥ ነው። ያኔ ከሥራ መልስ የማዘወትረው እዚያው አብነት ያለ አንድ ፑል ቤት ነበር። ሁለት ጠረጴዛ ብቻ የያዘች ጠባብ ቤት ናት። አብሮኝ የሚሄደው የልጅነት ጓደኛዬ ሱልጣን ነው። ሱልጣን ልብስ ሰፊ ነው። ፑል ብዙም አይወድም፤ እኔን ብሎ ነው የሚመጣው።

ጨዋታው ላይ ደህና ነበርኩ። የሚያሳፍረኝ ብሬኬ ነው፤ ጨዋታ ሲጀመር የተደረደሩትን ኳሶች በነጯ ኳስ መትቶ መበተኑ ማለቴ ነው። ባለኝ ጉልበት ሁሉ እመታለሁ፤ ኳሶቹ ግን ትንሽ ፈቀቅ ብለው እዚያው ተጠጋግተው ይቀራሉ። አንዳንዴማ ነጯ ራሷ ዘላ ከጠረጴዛው ትወርዳለች። እዚያ የሚጫወቱት ልጆች ብረት የምቀጠቅጥ እመስላለሁ እያሉ ይስቁብኛል።

የቤቱ ባለቤት ጋሽ ታደሰ ጡረታ የወጡ ሾፌር ናቸው። አንድ ቀን ሲያዩኝ ቆዩና መምቻ ዘንጉን፣ ስቲኩን፣ ከእጄ ተቀብለው ችግሬን አሳዩኝ። ስመታ የስቲኩን ኋላ ወደ ላይ አነሳለሁ። ስለዚህ ነጯን ከላይ ወደ ታች ነው የምጫናት፤ እሷም ትነጥራለች። ስቲኩን አጋድሜ እንድይዝ፣ ጉልበቴን በግማሽ እንድቀንስ፣ የፊተኛዋን ኳስ ልክ መሃሏን እንድፈልግ መከሩኝ።

«መሃሏን ማግኘት ሳትለምድ ጉልበት እንዳትጨምር» አሉኝ።

ሁለት ወር ያህል ያንኑ ተለማመድኩ። ቅዳሜ ከሰዓት ቤቱ ጭር ስለሚል ያኔ እንሄዳለን። ኳሷን የቱ ጋ እንዳገኘኋት ከቆምኩበት ሆኜ ለይቼ ማየት አልችልም። ሱልጣን ነው የሚያይልኝ። ከወዲያኛው ጫፍ ይቆምና ጎንበስ ብሎ፣ አገጩን ወደ ጠረጴዛው ጠርዝ አስጠግቶ ይጠብቃል። ወደ ግራ ሳትክ ይለኛል፤ አሁን ጥሩ ነው ይለኛል። የልብስ ሰፊ ዓይን ስለሆነ የክር ውፍረት የምታህል ስህተት አታመልጠውም።

ብሬኬ ተሻሻለ። ኳሶቹ በደንብ መበተን ጀመሩ። ነጯም መትታ ጠረጴዛው መሃል ላይ ቀጥ ትላለች። ሱልጣን ከእኔ በላይ ይደሰት ነበር።

ያን ቅዳሜ ሁለት ወጣቶች ከጌጃ ሰፈር መጥተው ሌላው ጠረጴዛ ላይ ይጫወታሉ። አንደኛው ሲበትን ሁለት ኳስ በአንዴ ገባለት። ቀና ብሎ አየኝና ፈገግ አለ። ምንም አላለኝም። እኔ ግን እልህ ያዘኝ። ጋሽ ታደሰ ደጅ ላይ ከሰው ጋር ያወራሉ። ሱልጣን እንደ ልማዱ ጎንበስ ብሎ ይጠብቀኛል። የተማርኩትን ሁሉ ትቼ፣ ባለ በሌለ ኃይሌ መታሁ።

የስቲኩ ኋላ ሲነሳ ለራሴም ታውቆኛል። ነጯ ወደ ላይ ዘለለች። ሱልጣን አልጮኸም። ሁለት እጁን ፊቱ ላይ አድርጎ ቀስ ብሎ መሬት ተቀመጠ። በጣቶቹ መሃል ደም ሲወርድ ሳይ ነው ያደረግሁት የገባኝ።

ታክሲ ውስጥ አስገብቼው ወደ ሐኪም ቤት ስንሄድ፣ ጭንቅላቱን ትከሻዬ ላይ ጥሎ አንድ ነገር ብቻ ተናገረ።

«ለእማዬ እንዳትነግራት። የስፌት መኪናው ብረት ተፈናጥሮ መታው በላት። እውነቱን ካወቀች አንተን አታይህም።»

እሺ አልኩት።

ቀዶ ጥገና ተደረገለት፤ ግራ ዓይኑ ግን አልተረፈም። እናቱ እትዬ ዘይነባ ሐኪም ቤት ሲደርሱ መጀመሪያ ያቀፉት እኔን ነው። ሸሚዜ ላይ የልጃቸው ደም አለ። አንተ ባትደርስለት ኖሮ ልጄ ምን ይውጠው ነበር እያሉ አለቀሱ፤ ግንባሬን ሳሙኝ። አፌን ልከፍት ነበር። አልከፈትኩም። በማግስቱ ጋሽ ታደሰም ለሰው እንዳይናገሩ ለመንኳቸው። አልተናገሩም። ከዚያ በኋላ ግን ሰላምታዬን በጭንቅላት ብቻ ነው የሚመልሱት።

አምስት ወር ሙሉ ከሥራ ስወጣ ጠመንጃ ያዥ ሰፈር እነሱ ቤት እሄድ ነበር። ሱልጣን ጋ እቀመጣለሁ፤ መድኃኒቱን እጨምርለታለሁ። እትዬ ዘይነባ ልጄ እያሉ ነው የሚጠሩኝ፤ ሳልበላ አያስወጡኝም። ቤታቸው ሥጋ በተሠራ ቀን እንኳ የክርስቲያን ልጅ ነው ብለው በሌላ ድስት ለእኔ ሽሮ ይሠሩ ነበር። ልብሴ ሲቀደድ አይተው ጠቅመውልኛል። ለጎረቤት ሲያስተዋውቁኝ ልጄን ያዳነው ይሄ ነው ይላሉ። እኔ አንገቴን እደፋለሁ፤ እሳቸው ትሕትና ይመስላቸዋል።

ውሸታችን እዚያ ላይ አላበቃም። ሱልጣንን የሚያሠራው ሰው ሊጠይቀው ስኳርና ብርቱካን ይዞ መጣ። እትዬ ዘይነባ ከበር መለሱት። ባረጀ መኪና ላይ አስቀምጠህ ልጄን አሳወርክ አሉት። ሰውዬው ምን እንደሚሉት እንኳ አልገባውም። ያመጣውን ደጃፉ ላይ አስቀምጦ ሄደ። እኔ ውስጥ ተቀምጬ ሁሉንም እሰማለሁ።

ከዚያ ወዲያ እሳቸው በሕይወት እያሉ ልጃቸው ስፌት መኪና ላይ እንደማይቀመጥ ማሉ። ሱልጣን ግን ሥራውን ይወዳል። እናቱ ገበያ ሲወጡ መርፌና ክር አውጥቶ ይለማመዳል። መጀመሪያ ላይ ክሩን ከመርፌው ጎን ጎን ይወጋው ነበር፤ በአንድ ዓይን ርቀት አይለይም። ሦስተኛው ወር ላይ አንድም ሳይስት ማስገባት ቻለ። እያሳየኝ ሳቀ፤ የእናቱን ኮቴ ሲሰማ ቶሎ ብሎ ትራሱ ሥር ከተተው።

ያን ቀን ቤቴ ገብቼ እንቅልፍ እምቢ አለኝ። መሥራት የሚችል ሰው በእኔ ምክንያት ቤት ተቀምጧል። እውነቱን ቢናገር ይለቁታል፤ የማይናገረው ለእኔ ብሎ ነው። ይህን እያወቅሁም ሁለት ወር ጨመርኩ።

በመጨረሻ አንድ እሑድ ጠዋት፣ ሱልጣን ወጣ ባለበት ሰዓት ሄድኩ። እትዬ ዘይነባ በርጩማ ላይ ተቀምጠው ምስር ይለቅማሉ። ቆሜ ሁሉንም ነገርኳቸው። ፑል ቤቱን፣ እልሄን፣ እሱ ለምን እዚያ ጎንበስ ብሎ እንደነበረ። ይጮሃሉ ብዬ ነበር። ሰፌዱን ከጭናቸው አውርደው መሬት አስቀመጡት።

«ዓይኑን ያጠፋኸው ሳታውቅ ነው» አሉኝ። «አምስት ወር ሙሉ ዝም ብለህ የበላኸው ግን እያወቅህ ነው።»

ሰፌዱን አንስተው መልሰው ጭናቸው ላይ አደረጉ።

«በል ሂድ። ዛሬ ፊትህን ማየት አልችልም።»

ጫማዬን ደጅ ላይ አጥልቄ ወጣሁ።

በማግስቱ ራሳቸው ልብስ ስፌት ቤቱ ድረስ ሄደው ሰውዬውን ይቅርታ ጠየቁት። በሳምንቱ ሱልጣን ወደ መኪናው ተመለሰ። እስከ ዛሬ ይሠራል፤ እንዲያውም የሙሽራ ልብስ ይቀበላል። እኔን አልተቆጣኝም። ለምን መጀመሪያ ለእኔ አልነገርከኝም ብሎ ብቻ ጠየቀኝ። አሁንም እንገናኛለን፤ ሻይ እንጠጣለን። ስለ እናቱ እሱም አያነሳ፣ እኔም አልጠይቅ።

ስቲክ ከዚያ ወዲህ ጨብጬ አላውቅም። ሰው አደጋው አስደንግጦት ነው ይላል። ትክክል አይደለም። ኳስ ከማንም እጅ ይዘላል፤ ሱልጣንም ይህንኑ ደጋግሞ ነግሮኛል። እኔን የሚያመኝ ያ ሽሮ ነው። እንደ ልጃቸው ሲያጎርሱኝ መዋጤ ነው።

ባለፈው ዓመት ልደታ ታክሲ መያዣው ጋ እትዬ ዘይነባን አየኋቸው። ከባድ ዘንቢል ይዘው ቆም እያሉ ይሄዳሉ። ለመሸሽ አሰብኩ፤ ከዚያ ሄጄ ዘንቢሉን ተቀበልኳቸው። አልከለከሉኝም። እሳቸው ከፊት፣ እኔ ከኋላ፣ እስከ ቤታቸው ድረስ ሄድን። ፊታቸው ገርጥቷል፤ አረማመዳቸውም ከብዷል። በራቸው ላይ ዘንቢሉን ከእጄ ተቀበሉ።

«አላህ ይስጥልኝ፣ ወንድሜ» አሉኝና ገቡ።

በልጄ ፈንታ ወንድሜ ሲሉኝ ያ የመጀመሪያው ነው። መንገድ ላይ ያገዛቸውን ማንኛውንም ሰው እንደዚያ ብለው ነው የሚያመሰግኑት። አልተቀየምኳቸውም፤ የሚገባኝ እሱ ነው። በሩ ከተዘጋ በኋላ ግን ቶሎ መሄድ አቅቶኝ ትንሽ ቆምኩ።