የእህቴ ሰርግ ኬክና የቆርቆሮው ክሬም

የሰፈራችን ልጆች ቤታቸው ኬክ መጋገር ከጀመሩ ወዲህ መጥተው የሚጠይቁኝ ያው አንድ ነገር ነው፤ «ያለቀለት ክሬም ልግዛ ወይስ ራሴ ልምታ?» አንዳንዷማ ገና አፌን ሳልከፍት ፊቷን ትሰበስባለች፤ አሮጊቷ አሁን ስለ ድሮ ልፋት ልትሰብከኝ ነው ብላ። ኧረ ወዲያ! ልፋት ምን ያስመካል? የተፈጨ ስኳር በላስቲክ ታሽጎ ሱቅ ሲገባ ከሁሉም ቀድሜ የገዛሁት እኔ ነኝ። ክንዴን ወድጄ አላደከምኩትም። ከቸኮላችሁ ግዙ እላቸዋለሁ፤ ብቻ ውስጡ ምን እንዳለ እወቁ። ይህን ስል ድምፄ ለምን እንደሚከር ግን አያውቁም።

ያደግኩት መካነ ሰላም ነው። ከክፉው ቀን በፊት ደሴ ዘመድ ቤት ተቀምጬ የቤት አያያዝ ስማር ኬክ መጋገርና ማስጌጥ ለምጄ ነበር። ከዚያ ዝናቡ ቀረ፣ ከብቱ አለቀ፣ ሰዉ በየመንገዱ ወደቀ፣ ንጉሡም ወረዱ። ዝናቡ ተመልሶ፣ መሬቱም ለአራሹ ተብሎ ታውጆ፣ ጎተራው ትንሽ ትንሽ ሲሞላ ታናሽ እህቴ ልትዳር ሆነ። ከዚያ ሁሉ ለቅሶ በኋላ በሰፈራችን የመጀመሪያው ሰርግ ስለነበረ ሰው ሁሉ የራሱን ልጅ እንደሚድር ነበር የሚጠብቀው። እኔም ኬክ እጋግርላታለሁ ብዬ ማልኩ። የማልኩት ግን ለእህቴ ብቻ አልነበረም።

እኛ ክርስቲያን ነን፤ አጥር ብቻ የሚለየን ጎረቤታችን ደግሞ ቁርዓን የሚያስቀሩ ሼህ ነበሩ። ባለቤታቸውን እቴቴ ነበር የምንላቸው። በእኛ አገር ሰርግ ሲደገስ ለሙስሊም ጎረቤት በጉ ለብቻው ነው፤ ከእነሱ ወገን የሆነ ሰው ያርደዋል፣ ድስቱም ጭልፋውም ይለያል፣ ማንም ቅር አይለውም። ዳቦና ጣፋጭ ሲመጣ ግን ሁሉም ከአንድ ገበታ ይቆርሳል። እቴቴ በክፉው ቀን ካላቸው ላይ እየቀነሱ ገብስ ይልኩልን ነበር፤ የበሰለ ግን ልከው አያውቁም፣ ጥሬውን ነበር። «እናታችሁ በራሷ ድስት ታብስለው፤ ሐሳብ እንዳይገባት» ይሉናል። በዚያ ረሃብ መካከል የእኛን ሃይማኖት እኒያ ሴት ጠበቁልን! ስለዚህ ከእህቴ ኬክ የመጀመሪያውን ቁራሽ የሚበሉት እቴቴ እንዲሆኑ ቆርጬ ነበር።

ሰርጉ ሊደርስ ጥቂት ቀን ሲቀረው የሙሽራው ወንድም ከአዲስ አበባ በጭነት መኪና ተጭኖ መጣ። አቧራውን ሳያራግፍ አንድ ትልቅ ቆርቆሮ ጠረጴዛው ላይ ዱብ አደረገልኝ። «ይኸውልሽ፣ ያለቀለት የኬክ ክሬም! ከፍቶ መቀባት ብቻ ነው» አለ። ቆርቆሮው ላይ ጥርሷን ያሳየች ፈረንጅ ኬክ ይዛ ቆማለች። እናቴ እልል ልትል ምንም አልቀራት። እውነቱን ልናገር፣ እኔም ደስ አለኝ። ክሬም በእጅ ለመምታት ብዙ እንቁላል ይፈልጋል፤ ከክፉው ቀን የተረፈ ዶሮ ደግሞ በሰፈሩ አልነበረም ማለት ይቻላል፣ አዲስ የተገዙትም ገና መጣል መጀመራቸው ነው።

ቆርቆሮውን ሳገላብጠው ግን ጽሑፉ ደሴ ከተማርኩት እንግሊዝኛ ጋር አልገጥም አለኝ። ወስጄ ለትምህርት ቤታችን መምህር አሳየሁት። «ፊደሉ የፈረንጅ ነው፤ ቋንቋውን ግን አላውቀውም» አለኝ። እንዲህ ያለው ክሬም በስብ እንደሚሠራ ደሴ ሰምቻለሁ። የምን ስብ? የላም ከሆነ ማን አርዶት? የአሳማ ከሆነስ? እኛስ ብንሆን አሳማ እንበላለን እንዴ!

«ማን ያውቃል ብለሽ ነው?» አለ የሙሽራው ወንድም። «ነጭ ነው፣ ይጣፍጣል፣ አበቃ።»

«እኔ አውቃለሁ!» አልኩት።

«አንቺም እኮ አታውቂም» አለና ሳቀብኝ። እውነቱን ነው፣ አላውቅም፤ ያበገነኝም እሱ ነው። ያላወቅኩትን ነገር በእጄ እቴቴን ላጎርስ? አላደርገውም አልኩ።

እናቴ የድግሱ ድካም አናቷ ላይ ወጥቶ ነበር። «ልጄ፣ በሞትኩት፣ ጊዜ የለንም። ለእቴቴ ዳቦ እንሰጣቸዋለን» አለችኝ። «ሁሉም ከሚቆርሰው ካልቆረሱ ኬኩም ይቅር!» አልኳትና ቆርቆሮውን አልጋ ሥር ገፍቼ ዘንቢሌን አነሳሁ። ከዚያ በኋላ ማንም አልመለሰኝም።

ለእንቁላል ደጅ ለደጅ ዞርኩ። ያላት አንድ ሰጠችኝ፣ የሌላት ዶሮዋን ጠብቂ አለችኝ፤ ቁጭ ብዬም የጠበቅኩበት ቤት አለ። ስኳሩን ከሱቅ አመጣሁ፣ ግን አሸዋ የሚመስል ደረቅ ስኳር ክሬም አይሆንም፤ እንደ ዱቄት መላም አለበት። ሙቀጫችንን በሙቅ ውሃ አጥቤ፣ ፀሐይ አስመትቼ፣ ግማሹን ስኳር መውቀጥ ጀመርኩ። ስኳሩ ቀስ እያለ ቀላ። ምንድን ነው ብዬ ጣቴን ስልስ ምላሴ ነደደ። ለካ በዚያ ሳምንት የድግሱ በርበሬ ሁሉ የተደለዘው እዚያው ሙቀጫ ውስጥ ነው፤ ይታጠብ እንጂ እንጨቱ ጠጥቶታል! እህቴ በሳቅ መሬት ላይ ተንከባለለች። «ሰርጌን ሚጥሚጣ ልታደርጊው ነው!» ትላለች። የሙሽራው ወንድም ወደ አልጋው ሥር በአገጩ አመለከተኝ።

አለቀስኩ፤ ከንዴት ነው። እንባዬን ጠርጌ የተረፈውን ስኳር አንስቼ በአጥሩ ቀዳዳ ወደ እቴቴ ገባሁ። «እቴቴ፣ ወፍጮዎን ያውሱኝ፤ ሙቀጫችን አቃጠለኝ» አልኳቸው። በርበሬውን ስነግራቸው እስኪያስላቸው ሳቁ። «አብሽሪ፣ የኔ ወፍጮ ከገብስ በቀር አያውቅም» ብለው ድንጋዩን ራሳቸው አጠቡት፣ አደረቁት፣ እጅጌያቸውን ሰብስበው መጁን ያዙ። ልፍጭ ብላቸው ገፈተሩኝ። እሳቸው ይፈጫሉ፣ እኔ በቀጭን ነጠላ እነፋለሁ።

መሐል ላይ ቀና ብለው «ያለቀለት መጥቶልሻል ይባል የለም እንዴ?» አሉኝ።

«መጥቷል። እኔ የራሴን ነው የምፈልገው» አልኩ። ምክንያቱን ብነግራቸው በእኔ ምክንያት ተቸገረች ብለው ኬኩን ተዪው ይሉኝ ነበር። እሳቸውም ወደ መጃቸው ተመለሱ።

ኬኩን በብረት ድስት፣ ከታችም ከላይም እሳት አድርጌ እንደ ድፎ ጋገርኩት፤ አስኳሉ ለእሱ፣ ነጩ ለክሬሙ። ነጩን በሁለት ሹካ እየመታሁ ክንዴ እስኪደነዝዝ ቀጠልኩ። አረፋው ሲቆምልኝ ስኳሩንና የሎሚውን ጭማቂ ጨመርኩ። ወረቀት ጠቅልዬ ጫፉን ቆረጥኩና በእህቴ ቀሚስ ላይ ያለውን ጥልፍ ኬኩ ላይ ጠለፍኩት። አንዱ ጥግ ተንሻፎብኛል፣ መስመሩም እኩል አልወጣልኝም። ግድ የለኝም ነበር፤ ውስጡ ያለውን አንድ በአንድ አውቀዋለሁ።

የሰርጉ ዕለት ሙሽራውና ሚዜዎቹ ገብተው፣ ካህኑ ባርከው፣ ሼሁም እጃቸውን ዘርግተው ዱዓ አደረጉ፤ ዳሱ በሙሉ አሚን አለ። እህቴና ሙሽራው ኬኩን ሲቆርሱ የመጀመሪያውን ቁራሽ በሳህን አድርጌ ወደ እቴቴ ሄድኩ። «ይብሉልኝ፣ እቴቴ፤ ወፍጮዎ ያለበት ነው» አልኳቸው። ቢስሚላህ ብለው ጎረሱ። አላምጠው፣ ክሬሙን ከጣታቸው ልሰው፣ «አጃኢብ!» አሉ።

ያን ጊዜ አላስቻለኝም፤ ጎናቸው ተቀምጬ ሁሉንም በጆሯቸው ነገርኳቸው። የቆርቆሮውን ጽሑፍ የሚያነብ አጥቼ እንደነበር፣ ስቡ የምን እንደሆነ ባላውቅ ለእሳቸው ብዬ እንደተውኩት።

እቴቴ ዘወር ብለው አዩኝ። «ውይ ልጄ!» አሉ። «እኔ እኮ ስኳርሽን ይዘሽ እስክትመጪ የቆርቆሮው ክሬም የተቀባውን ኬክ ልበላ ነበር የተዘጋጀሁት። ከእናንተ ቤት ምን እንደገባበት ጠይቄ በልቼ አላውቅም።»

እንደገና ቢስሚላህ አሉና የቀረውን ጎረሱ። እኔ ግን አልጋ ሥር ያለው ቆርቆሮ ታየኝ። ከፍቼው ቢሆን ኖሮ እኒህ ሴት እንዲሁ ቢስሚላህ ብለው ይጎርሱልኝ ነበር።