አናጢው ቤቱን ዝም ያሰኘበት ዓመት

አናጢ ሆኖ መዶሻ የማያነሳ ሰው አይታችሁ ታውቃላችሁ? እኛ ሰፈር አንድ ነበር። ሰነፍ እንዳትሉት፣ እጁ ሥራ ሳይዝ የዋለበት ቀን የለም። ክፉም አይደለም። እንዲያውም ጥፋቱ ሁሉ የመጣው ከደግነቱ ነው፤ ለዚህ ነው ሰውየውን ልቆጣው ፈልጌ አፌ የሚያዝብኝ።

ነገሩ የጀመረው ሚስቱ ወደ ማታ ተረኛነት የተዛወረች ጊዜ ነው። ነርስ ናት። የሆስፒታሉ ሕፃናት ክፍል ሰው ጎደለበትና ለአንድ ዓመት ማታ ማታ እንድትሠራ ተመደበች። አመሻሽ ላይ ትወጣለች፣ ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ዓይኗ ቀልቶ ትመለሳለች፣ ልጆቹን ግንባራቸውን ስማ አልጋዋ ላይ ዘፍ ትላለች። ቤታቸው ሁለት ክፍል ነው። ከኋላ መኝታ ቤቱ፣ ከፊት ደግሞ ሳሎኑም፣ ወጥ ቤቱም፣ የአናጢው መሥሪያም የሆነው ክፍል። በመካከላቸው አንድ ስስ በር አለ።

በመጀመሪያው ሳምንት አናጢው እንደ ልማዱ ምስማሩን ሲቀጠቅጥ ሰነበተ። በሳምንቱ መጨረሻ ሚስቱ አውቶቡስ ውስጥ እንቅልፍ ጥሏት እስከ መጨረሻው ፌርማታ ሄደች፤ ሹፌሩ ነው የቀሰቀሳት። ቤት ገብታ ይህንን እየሳቀች ስትነግረው አንጀቱን በላችው። መዶሻውን አንሥቶ ከዕቃ ሣጥኑ ግርጌ ከተተው።

ከዚያ ወዲያ ያ ሰው ሌላ ሰው ሆነ። በምስማር ፋንታ ብሎን፣ በብሎን የማይሆነውን በኮላ። መጋዝ የሚያስፈልገውን ጣውላ ተሸክሞ ግቢው ጫፍ ድረስ ይሄዳል። የበሩን ማጠፊያ ሳሙና ቀባው፣ የወንበሮቹን እግር በአሮጌ ብርድ ልብስ ቁራጭ ጠቀለለው። የሁለት ቀን ሥራ አምስት ቀን ይፈጅበት ጀመር፤ ደንበኛ ሲቆጣው አንገቱን ደፍቶ ይሰማል። ይህን ሁሉ ሲያደርግ ደግሞ ልቡ ሙሉ ነበር። ለሚስቱ የሚሰጣት ነገር አገኘ፤ እንቅልፍ ሰጣት።

የቀሩት ልጆቹ ናቸው። የስድስት ዓመቷ ሴት ልጁ አፍ ከፈታች ጀምሮ ሰውን ሁሉ ስለምታዝ ‘አለቃ’ ነው የምትባለው። የአራት ዓመቱ ወንድሟ ደግሞ ‘ጉንጮ’። ልጅን በቁጣ ዝም ማሰኘት እንደማይቻል አናጢው ያውቃል፤ ስለዚህ ጨዋታ ፈጠረላቸው። ከመኝታ ቤቱ በር ፊት ለፊት ኮሽ ሳያደርግ ያለፈ፣ ከመላጊያው የሚወጣውን ረጅም ጥቅልል ፍቅፋቂ ይሸለማል፤ እጁ ላይ እንደ አምባር ያጠልቀዋል። ደንቡ አንድ ዓረፍተ ነገር ነው፦ እማዬ ተኝታለች።

ልጆቹ እንዴት ያለ ሙያ ተማሩ መሰላችሁ። ሳቃቸውን በመዳፋቸው አፍነው ይስቃሉ። አለቃ ወንድሟን በሹክሹክታ ትሳደባለች፤ ያንን ስድብ ከንፈሯን አይቶ ካልሆነ ማንም አይሰማውም። ጉንጮ ደግሞ ሲያለቅስ አፉን በሰፊው ይከፍታል፣ እንባው ዱብ ዱብ ይላል፣ ድምፅ ግን የለም። ግድግዳ የምትጋራቸው ልብስ ሰፊ አንድ ቀን በአጥሩ ብቅ ብላ፣

“እኔ አምስት ወልጄ የአንዱንም ዝምታ አላየሁም። ምን ብታበላቸው ነው?” አለችው።

“አስተዳደግ ነው፣ እትዬ” አላት ደረቱን ነፋ አድርጎ። አይ የሰው ልጅ፣ የሚኮራበትን ነገር መቼ አጣርቶ ያውቃል።

ዝናቡ መጥቶ ሄደ። የአለቃ ሁለት የፊት ጥርሶች ወለቁ፣ አንደኛው በቀለ። ጉንጮ የጫማውን ማሠሪያ ማሰር ለመደ፤ ያስለመደው አባቱ ነው፣ ያየለትም አባቱ። እናታቸው ዘጠኝ ሰዓት ላይ ስትነሳ መጀመሪያ አካባቢ ሮጠው ይጠመጠሙባት ነበር። እየቆየ ግን ቀና ብለው አይተዋት ወደ ጨዋታቸው መመለስ ጀመሩ። ነቅታ፣ ለብሳ፣ ጸጉራቸውን እያበጠረች እንኳ በሹክሹክታ ነው የሚመልሱላት።

“ለምንድን ነው እንደ በሽተኛ የሚያናግሩኝ?” አለችው ባሏን አንድ ቀን።

“ጨዋ ሆነውልሽ ነዋ።”

“እኔ ጨዋ ልጅ መች አማረኝ። ልጆቼ እናት ሳይሆን የተኛ ሰው ነው ያላቸው እንዳይሆን ነው የምፈራው።”

“ሦስት ወር ብቻ ቀረሽ። ዝም ብለሽ እረፊ” አላትና ብሎኑን ማዞሩን ቀጠለ። ሰምቷታል፤ ግን ጆሮ ዳባ ልበስ አለ።

ከዚያ በኋላ ብዙም አልቆየ። አንድ ረፋድ ላይ ብሎን አለቀበት። አለቃ ትምህርት ቤት ናት፣ ሚስቱ ተኝታለች፣ ጉንጮ ግቢ ውስጥ ይጫወታል። ሱቁ መንገድ ማዶ ስለሆነ “አሁን መጣሁ፣ ጣውላው ላይ እንዳትወጣ” ብሎት ወጣ። ሩብ ሰዓት ቢቆይ ነው።

ሲመለስ ልጁ በመኝታ ቤቱ መስኮት ሥር ጀርባውን ለግድግዳው ሰጥቶ ተቀምጧል። ፊቱ አመድ መስሏል። ታችኛውን ከንፈሩን ነክሶ አድምቶታል። በቀኝ እጁ ግራ ክንዱን ይዟል፤ ክንዱ መታጠፍ በማይገባው ቦታ ታጥፏል። የጣውላው ክምር ፈርሶ መሬት ላይ ተበታትኗል።

“ምን ሆንክ?” አለ አናጢው፣ ፊቱ ተንበርክኮ።

ልጁ የያዘውን ክንዱን ላለመልቀቅ በአገጩ ወደ መስኮቱ አመለከተ። “ቀስ በል” አለው በሹክሹክታ። “እማዬ ተኝታለች።”

አናጢው ወደ መስኮቱ ዞረ። ከዚያም ሚስቱን በስሟ ጠራት፤ ከዘጠኝ ወር ወዲህ ጮሆ ሲናገር የመጀመሪያው ነው። በባዶ እግሯ ወጣች። ክንዱን አየች። ከባሏ ጠረጴዛ ላይ የለሰለሰ ስስ ጣውላ አነሳች፣ ሻሿን ቀደደች፣ የሰው ልጆችን ክንድ ስታስር በከረመችባቸው እጆቿ የልጇን ክንድ አሰረች።

ሆስፒታል ጀሶው ከታሰረለት በኋላ አጠገቡ ተቀመጠች።

“ለምን አልጠራኸኝም፣ የኔ ጌታ?”

ልጁ ጥያቄው ገረመው። “ተኝተሽ ነበራ።”

“በጣም ሲያምህስ?”

ጉንጮ አሰበ። “አባዬን ጠበቅኩት።”

ወደ ኮሪደሩ ወጣች። አናጢው ተከተላት፤ ግድግዳውን ተደግፋ ታለቅስ ነበር።

“የሰው ልጅ ሲያለቅስ ሮጬ የምደርስ ነኝ” አለች። “የኔ ልጅ ግን ራስጌዬ ተቀምጦ እንዳልሰማው ተጠንቅቆ አለቀሰ። ለእኔ ብለህ ነው፣ አውቃለሁ። ግን ወሰድክብኝ።”

ብትሰድበው ይሻለው ነበር። ይህችን “ወሰድክብኝ” የምትል ቃል እስከ ዛሬ ሲያነሳት ድምፁ ይሰበራል።

በማግስቱ እሷ ከሥራ ገብታ ስትተኛ አናጢው መዶሻውን ከሣጥኑ ግርጌ አወጣ። መጀመሪያ የመኝታ ቤቱን በር ከማጠፊያው ነቅሎ ግቢ አውጥቶ አቆመው። ከዚያ ምስማር ይቀጠቅጥ ጀመር። አለቃ እየበረረች መጥታ እጁን ያዘችው።

“አባዬ፣ እማዬ እኮ—”

“ትንቃ” አላት።

ግን ዘጠኝ ወር የተገነባ ነገር በአንድ ቀን መዶሻ ይፈርሳል? “ስትፈልጓት ሂዱና ቀስቅሷት” ይላቸዋል፣ እሺ ይላሉ፣ አይሄዱም። በሩ የነበረበት ቦታ ሲደርሱ ባዶው አየር ግድግዳ የሆነባቸው ይመስል ቆመው ይመለሳሉ። እሷም ይመጡ ይሆናል እያለች እንቅልፍ አጣች፤ ጣሪያ ጣሪያ ስታይ ትውላለች። አናጢው ከውጭ ሆኖ ሁለቱንም ወገን ያያል። ጣውላ ቢሆን ለክቶ፣ ቆርጦ፣ ይገጥመው ነበር። ይህንን ግን በምን ይገጥመዋል? እየቆየ ድካሙ አሸነፋትና በመዶሻው መሃል ጭምር እንቅልፍ ይወስዳት ጀመር።

ሦስተኛው ሳምንት ላይ፣ እኩለ ቀን ገደማ፣ ጉንጮ ያ ባዶ ቦታ ጋ ቆመ። አናጢው ሥራውን ገታ። ሚስቱ ያን ሌሊት ሁለት ሕፃናት ታመውባት ሳትቀመጥ ነው ያነጋችው፤ ከተኛች አንድ ሰዓት ቢሆናት ነው። “ተው” ሊል አፉ ከተከፈተ በኋላ መልሶ ገጠመው።

ልጁ አንድ እግሩን አስገባ፣ ከዚያ ሌላውን። አልጋው ጋ ደርሶ ጆሮዋ ላይ ጎንበስ አለና ባለ በሌለ ድምፁ፣

“እማዬ፣ ተኝተሽ ነው?” አላት።

“አልተኛሁም” አለች ዓይኗን ሳትገልጥ።

“ታዲያ ምን ትሠሪያለሽ?”

“አንተን እየጠበቅኩህ ነበር።”

ጉንጮ ጀሶውን ጎድኗ ላይ ጥሎ አልጋው ላይ ወጣ። ከዚያም ደጃፉ ላይ ስላያት ስለ አንዲት ጉንዳን፣ እስከ ጎረቤት በሚሰማ ድምፅ፣ ከመጀመሪያው ጀምሮ ይተርክላት ጀመር።