ከነጫማቸው

አክስቴ ከነጫማቸው ነበር የሚተኙት። በደርግ ዘመን ባለቤታቸው በጠና ታመው ሆስፒታል ሲገቡ፣ በሰዓት እላፊው የተነሳ ማታ ወደ ገርጂ መመለስ ስለማይቻል፣ ነጠላቸውን ተከናንበው ኮሪደሩ ላይ ያድሩ ነበር። አንድ ቀን ንጋት ላይ «የታማሚው ቤተሰብ!» ተብለው ሲጠሩ፣ ጫማቸውን ሲፈልጉ ዘገዩ። ሲደርሱ ባለቤታቸው ቀዶ ጥገና ገብተው በሩ ተዘግቷል።

ባለቤታቸው ዳኑ። ጫማው ግን አልወለቀም። አንሶላ ቆሸሸ ብለን ስናጉረመርም፣ «ሲጠሩኝ ጫማ ልፈልግ?» ይሉናል።

«ድኛለሁ እኮ፣ አንቺ ሴትዮ!» ብለው ባለቤታቸው ይስቃሉ። እሳቸው አይስቁም።

ባለፈው ወር፣ ከምሳ በኋላ ጋደም እንዳሉ አረፉ። ገናዦቹ እግራቸው ጋ ሲደርሱ ቆም ብለው ባለቤታቸውን አዩ።

«አውልቁላት» አሉ። «ከእንግዲህ የሚጠራት የለም።»